ደረጃው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው

የቆቦ ሰው ስም ለማውጣት አይሰንፍም። አውራ ጎዳናው ዳር ያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አልቆ «ራዊያ የገበያ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ሲሰቀልበት፣ ጎረምሳው ስልኩ ላይ ያየውን አስታውሶ «ሞል» አለው። ሽማግሌው ደግሞ አንጋጦ ባዶዎቹን መስኮቶች ቃኘና «ሞል ይሉታል እንጂ መች ሞላ!» አለ። ቀልዱ ውሎ ሳያድር ጎረቤት ከተሞቹ ሮቢትና ዋጃ ገባ። እውነትም አልሞላም። ከታች የስልክ፣ የልብስና የሽቶ ሱቆች አሉ፤ አንደኛው ፎቅ ላይ አንድ ካፌና አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የርግብ ነው።

ለሐሜት አንቸኩል እንጂ ሕንፃው ያምራል። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው። ሲገቡበት መሐሉ እስከ ጣራው ክፍት ነው፤ ልጃገረዶች በየፎቁ የብረት መደገፊያውን ተደግፈው ወደ ታች እያዩ ፎቶ ይነሳሉ፤ ከገጠር የመጣ ሰው አንገቱን ቀልሶ «ሱብሃነላህ» ይላል። ነገር ግን ንድፉን ያወጣው ሰው የቆቦን ፀሐይ ያማከራት አይመስልም። ሕንፃው ፊቱን የሰጠው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፀሐይዋን ተቀብሎ መልሶ መንገደኛው ዓይን ላይ ይደፋታል። ውስጥ ያሉት ባለሱቆች መስታወቱን በመጋረጃ ሸፍነው በማራገቢያ ይኖራሉ። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ሳይገዙ አረፍ የሚባልባት አንዲት አግዳሚ ወንበር የለችም።

አንድ መልካም ነገር ግን ንድፍ አውጪው ሳያስበው ሠርቷል፤ ደረጃውን። መግቢያው ላይ ሰፊ የግራናይት ደረጃ አለ፤ ከቀትር በኋላ የሕንፃው ጥላ ሲወድቅበት ቀዝቀዝ ይላል። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እዚያ ያርፋል። አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ አንዱ የዋጃ መኪና ይጠብቃል፣ ሌላው ስለ በሬ ዋጋ ይከራከራል፣ ለልጁ ሚስት የሚያፈላልግም አይጠፋም። ሞሉ ከሞላ የሚሞላው ደረጃው ላይ ነበር። ባለቤቶቹ ይህን አልወደዱትም። «ደረጃው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ፤ ማንበብ ለማይችለውም፣ እያነበበ ለሚቀመጠውም ሸረፈዲንን በጥበቃነት ቀጠሩት።

የሰው ነገር ያስቃል። ሸረፈዲን ዕድሜውን ያሳለፈው በዚያው ቦታ ላይ ሰውን «ተቀመጡ» ሲል ነው። ከሞሉ በፊት እዚያ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ጣራቸው ዝቅ ያለ፣ በራቸው የጠበበ የሱቆች ረድፍ ነበረ። ዓይን የሚስብ ነገር አልነበራቸውም። ግን ከግድግዳቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር የድንጋይ መደብ፣ ከላይም የቆርቆሮ በረንዳ ነበራቸው። ያን መደብ የሠራው ሰው፣ ሰው እንደሚደክመው ያውቅ ነበር። ሸረፈዲን መደቡ ጥግ ላይ ተቀምጦ የገበያተኛ ዕቃ ይጠብቃል። ከቆላ የመጣ ገበሬ ማሽላውን ሸጦ ጨውና ሳሙና እስኪገዛ ጓዙን እሱ ዘንድ ያኖራል፤ አፋሩ ነጋዴ ዱላውን ሳይቀር ይሰጠዋል፤ ልጅ ከእናቱ ከጠፋ «ሸረፍ ጋ ተመልከቱ» ይባላል። ለሁሉም የሚለው አንድ ቃል ነው፤ «ተቀመጡ»።

ረድፉ ሲፈርስና ግንባታው ሲጀመር የቆርቆሮ አጥር ታጠረ። አጥሩ የእግረኛውን መንገድ ጠቅልሎ ስለወሰደው ሰው አስፋልት ላይ ወጥቶ መሄድ ጀመረ። ሸረፈዲን ከመንገዱ ማዶ አንድ ዛፍ ሥር ተጠግቶ ዕቃ መጠበቁን ቀጠለ። ምሳውን ልጁ ኑሀ ታመጣለት ነበር። አሥር ዓመቷ ነበር፤ ሳቂታ፣ ለአባቷ ወሬ ሳታመጣ ምሳ አምጥታ የማታውቅ ልጅ። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን እንደያዘች አጥሩን ዞራ ብቅ ስትል ባጃጅ መታት። አባቷ ከማዶ ሆኖ እያየ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ አያስፈልግም።

ባጃጁን የነዳው ይድነቃቸው የሚባል የሮቢት ልጅ ነው፤ ገና ጺሙ ያላቀመቀመ። ተከሶ፣ ታስሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። አጥሩን ያጠረው የሕንፃው ባለቤት ደግሞ ለቅሶ መጥቶ፣ ከልቡ አልቅሶ፣ ግንባታው ሲያልቅ ለሸረፈዲን የጥበቃ ሥራ ሰጠው። ሸረፈዲን ሥራውን ተቀበለ፤ ሚስትና ሌሎች ልጆች አሉታ! የሚበላበትን ቤት መጥላት ማን ይቻለዋል? ስለዚህ ጥላቻውን ሁሉ ጠቅልሎ ሮቢት ላከው። ሌሊት ከእንቅልፉ ሲባንን የሚረግመው ያንን ልጅ ብቻ ነበር። አጥሩን አንድ ቀንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

በራያ ደም ያለበት ወገን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መጥተው ከተበዳይ ደጅ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ራሳቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ሳይነቃነቁ ይቆያሉ። ተበዳዩ «ተነሱ» ካላቸው እርቁን ተቀበለ ማለት ነው፤ ደሙ ደረቀ ይባላል። እሱ ካላለ ግን በሌላ ቀን ይመለሳሉ። ሽማግሎቹ የሸረፈዲን ደጅ ሦስት ጊዜ መጥተው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሸረፈዲን ሲያያቸው በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ወጣ። «አልቀበልም» ብሎ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነው፤ «ተነሱ» ማለት ደግሞ ለሱ ኑሀን ሁለተኛ መቅበር ነበር። ሲመሽ ተመልሶ ሲገባ በሩ ላይ ሣሩን ተጥሎ ያገኘዋል። እሱ በእግሩ ገፋ አድርጎት ያልፋል። ጠዋት ሲነሳ ግን ሣሩ የለም፤ የት እንደሚሄድም ጠይቆ አያውቅም።

እንግዲህ ቤቱ ደጅ ላይ ያቺን ቃል የነፈገ ሰው ሞሉ ደረጃ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲረጫት ይውል ነበር። «ተነሱ! አይቀመጥም! እናት፣ ተነሺ እንጂ! ተነሱ ተብላችኋል!» ሰው እያጉረመረመ ይነሳል፤ ዞር ሲል ይቀመጣል። አንዳንዱ ድሮ መደቡ ላይ የሚያውቀው ደንበኛው ነው። «ሸረፍ፣ አንተም ታስነሳን ጀመር?» ይሉታል። ምን ይበል? እንጀራ ነው። ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ኀፍረቱ ቀለል የሚለው ስለሚመስለው መጮህ ለመደ።

ያን ጠዋት የገበያ ቀን ነበር። የሕንፃው ባለቤት ልጅ ሰላሁዲን፣ ሞሉን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፣ ገና በጠዋቱ መጥቶ «አያ ሸረፍ፣ ዛሬ ሁለተኛውን ፎቅ የሚከራዩ እንግዶች አሉ፤ ደረጃው ላይ ሰው እንዳላይ» ብሎት ገባ። ሸረፈዲን ከውስጥ ሆኖ የመስታወቱን በር ሲገፋው ፀሐይዋ ዓይኑን አጠፋችው። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቢያይ የታችኛው ደረጃ ላይ የተደረደሩ ጀርባዎች አሉ፤ ፎጣና ነጠላ የተከናነቡ። ጠዋት ደረጃው ላይ ጥላ የለም። ያን እሳት ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብሎ ለአንድ አፍታ ቢያስብ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አላሰበም። አፉ ከልቡ ቀድሞ ሮጠ።

«ተነሱ! ተነሱ እንጂ! ተነሱ!»

ማንም አላጉረመረመም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱ። «አሚን!» «አሜን!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ዞር ሲሉ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር አለ። ፊት የቆመው አያ አራጌ ነው፤ በሮቢትና በቆቦ መካከል ሳያስታርቀው የቀረ ጠብ የለም የሚባል ሽማግሌ። ከአጠገቡ ሼኽ ኢክራማ፣ ከሁሉም ዳር ደግሞ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት። ሸረፈዲን ፍርድ ቤት አይቷታል፤ የይድነቃቸው እናት ትርሲት ናት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ታለቅስ ነበር።

«አላህ ያክብርህ ልጄ» አሉ ሼኽ ኢክራማ። «በሰፊው ተቀበልከን።»

ሸረፈዲን የተለጠፈውን ጽሑፍ ጠቆመ። «ኧረ እኔ አላልኩም! ደረጃውን ነው... ወላሂ፣ እናንተ መሆናችሁን አላየሁም። ይህ እኮ ሥራዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምለው ነው!»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ አያ አራጌ፤ ዓይኑ ውስጥ ተንኮልም ርኅራኄም ነበረበት። «ቤትህ ስንመጣ በጓሮ ወጣህ። እዚህ ግን ጓሮ የለህም።»

«አታለላችሁኝ!»

«አታለልንህ። አራተኛ ጊዜ ተመልሰን ሣራችንን በርህ ላይ ከምናደርቅ ብለን ነው። ምን እናድርግ ልጄ፣ ካፍ የወጣ አፋፍ።»

ገበያተኛው መንገዱ ላይ ቆሞ ማዳመጥ ጀምሯል። «ብሏል! እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» የሚል አልጠፋም፤ ሁለት ሴቶች እልልታ ጀምረው ፊቱን ሲያዩ ዋጡት። ሸረፈዲን ሊሳደብ ፈለገ፤ ሊያለቅስም ፈለገ። ያችን ልጅ፣ ያን ሳቅ፣ ያን ምሳ ዕቃ በአንዲት የዘበኛ ቃል ሊወስዱበት ነው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገሩ ሰው። እሱ የወለዳት ጠፍታለች። አሁን ደግሞ ቃሉን ቢያጥፍ ምን ሊቀረው ነው? ባያጥፍስ ለሚስቱ ለዚነት ምን ብሎ ሊነግራት? «በልጅሽ ደም ደረጃ ሳስለቅቅ ታረቅሁ» ሊላት ነው?

 ከብዙ ጊዜ በፊት የሚያውቃት ቃል ከሆዱ ወጣች።

«ተቀመጡ» አለ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በዘመናቸው አልገጠማቸውም፤ ተነሱ ተብሎ የተነሳ ሽማግሌ መልሶ ተቀመጡ ሲባል።

«ተቀመጡ። ያ የሞሉ ቃል ነው፤ የኔ አይደለም። የኔን ከፈለጋችሁ ተቀመጡ። እናቷን ልጥራ።»

መጀመሪያ የተቀመጠችው ትርሲት ናት። ግራናይቱ ያቃጥላል፤ እንደ ምጣድ ግሏል። ነጠላዋን ሳታነጥፍ ተቀመጠችበት። ከዚያ አያ አራጌ ጉልበቱን ይዞ ዝቅ አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሸረፈዲን ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ዚነት፣ ነይ» አለ።

«የት?»

«ሞሉ።»

 ዚነት ኑሀ ከሞተች ወዲህ በዚያ መንገድ አልፋ አታውቅም፤ ገበያ ስትወጣ እንኳ በኋላ ሰፈር ዞራ ነው። «እሺ» አለች።

እሷ እስክትመጣ ሰላሁዲን እየተጣደፈ ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው መስደብ አይወድም፤ ዛሬ ግን ላብ አጥምቆታል። «አያ ሸረፍ፣ ምንድን ነው ይሄ? እንግዶቹ ሮቢትን አልፈዋል አሉ። አስነሳቸው እንጂ!»

«አላስነሳም።»

«ምን?»

«ያችን ቃል ዛሬ አንተ አታዝዘኝም ሰላሁዲን። በሌላው ቀን በል ብለኸኝ ብያለሁ። ዛሬ የኔ ናት።»

«እንግዲያው መለዮውን አስቀምጣ!» አለ ሰላሁዲን፤ እንዳለው ወዲያው የጸጸተው መሰለ። ሸረፈዲን ግን የጥበቃ ቆቡን አውልቆ የላይኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ራሱ ላይ ፀሐይ አረፈችበት።

ዚነት በእግሯ መጣች። ላብና አቧራ ነበራት፤ ሕዝቡ መንገድ ሲለቅላት ግራ ቀኝ አላየችም። ሽማግሎቹን አየች፣ ትርሲትን አየች፣ ባዶ ራሱን የቆመ ባሏን አየች። ሸረፈዲን የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ አንድም አልደበቀም። ስትቆጣ፣ ስትጮህ፣ ድንጋይ ስታነሳ ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?» አለችው።

«ባፌ ብያለሁ። በልቤ አላልኩም።»

«እንግዲያው ልብህ እስኪል እንቀመጣለን» አለችና ትርሲት አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱ እናቶች አልተያዩም። ትከሻቸው ግን ተነካካ።

«ዚነት! ከሷ ጎን?»

«ሣሩን ማን የሚያነሳው ይመስልሃል?» አለች ዚነት። ድምጿ አልተነሳም። «ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ። ሳጥን ውስጥ፣ ከኑሀ ቀሚስ ጋር ነው ያለው። አንተ በጓሮ ስትወጣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማቸው ነበር። ይቺ ሴት ስታለቅስ እሰማ ነበር። ሸረፉ፣ እስቲ በአላህ፣ ልጁ ነው ብቻውን የገደላት?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፖሊስም አልጠየቀው፣ ዳኛም አልጠየቀው፣ ሽማግሌም አልጠየቀው። ሸረፈዲን እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አየ። የአጥሩ ማዕዘን የቆመው ልክ እዚህ ነበር፤ የመጨረሻው ደረጃ የሚያልቅበት ቦታ ላይ። እዚህ ነው ዞራ ብቅ ያለችው። በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ይህን ድንጋይ ረግጦ አያውቅም፤ ሁሌም በጎን ነበር የሚያልፈው፤ ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም እንጂ።

«አጥሩ ነው» አለ። መጀመሪያ ለራሱ ነበር። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ ሰላሁዲን ከነሠራተኞቹ ወደቆመበት፣ እስከ ርግቦቹ ፎቅ በሚሰማ ድምፅ ተናገረው። «አጥራችሁ ነው! መንገዱን ወሰዳችሁት፤ ልጄ አስፋልት ላይ ወጣች። ልጁ ነዳ፣ እናንተ አጠራችሁ፣ እኔ ደግሞ በራችንን ጠብቅ ስትሉኝ ጠበቅሁ! ሁሉን ያወቅሁት ያኔ ልጄ የወደቀች ቀን ነው። ያን ቀን! የበላሁት እህል አፌን ዘጋው እንጂ!»

 አጥሩ ሲታጠር ሰላሁዲን ገና ትምህርት ላይ ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቆመ። ገበያተኛውም አንገቱን ደፋ፤ ያን ጊዜ በዚያ አጥር ሥር አስፋልት ላይ ወጥቶ ያልሄደ የቆቦ ሰው የለምና።

ሸረፈዲን ከዚያ ሞሉ ከተከፈተ ወዲህ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እዚያችው የሚሸሻት ድንጋይ ላይ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ማንም «አብሽር፣ አይዞህ» አላለውም፤ ሽማግሎቹም ሣራቸውን እንደያዙ ጠበቁ። የሚከራዩት እንግዶች መኪና መጥቶ ቆመ፤ በመስኮት አይተው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ሳይወርዱ ቀሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ወደ ኋላ ማዘንበል ስትጀምር ከመግቢያው በር ሥር ቀጭን ጥላ ብቅ አለ።

«ተነሱ» አለ ሸረፈዲን።

አያ አራጌ እጁን ጆሮው ኋላ አደረገ። «አልሰማንም ልጄ።»

ያ ሁልጊዜ አስፋልት ማዶ ድረስ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም፤ ትንፋሽ ነበር። ሸረፈዲን ፊቱን ከእጁ ቀና አደረገ።

«ተነሱ። ልጁንም ንገሩት። ከዛሬ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ አይሸሽ። ስለ ኑሀ ብላችሁ ተነሱ።»

ተነሱ። አሚንም አሜንም አልተጮኸም፤ በለሆሳስ ነበር። ሼኽ ኢክራማ ሣሩን ሸረፈዲን እግር ሥር አስቀመጡ። ትርሲት ልትነሳ ስትል ዚነት በክንዷ ደግፋ አነሳቻት፤ ያን ጊዜ ነው ሁለቱ የተያዩት። ገበያተኛውም ቀስ በቀስ ወደ ጉዳዩ ተበተነ።

ሸረፈዲን ግን እንደተቀመጠ ነበር። ቆቡ ከላይኛው ደረጃ ላይ ጥላው ውስጥ ገብቷል፤ ነገ ምን እንደሚበሉ አያውቅም፤ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድም በዚያው አስፋልት ላይ ነው። እግሩን ቢያዝዘው አልታዘዝ አለው። ዚነት ትርሲትን ለሽማግሎቹ አስረክባ ተመለሰችና ከፊቱ ቆመች። ሣሩን ከመሬት አንስታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

«አንተም ተነስ እንጂ፣ ሸረፉ» አለችው።